የትክትክ ማጠናከሪያ ክትባት ለአዋቂዎች፦ የቱን፣ መቼ፣ ከየት እንውሰድ?

አሜሪካ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ክትትል ላይ እያለች ሐኪሟ «ቲዳፕ ተወግተሻል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ቲዳፕ ማለት ትክትክ ያለበት የአዋቂዎች ማጠናከሪያ ክትባት ነው። ጥያቄው ባሏንም፣ ልታርሳት ከአዲስ አበባ የምትመጣ እናቷንም ይመለከታል። ከእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «ሀገር ቤት ተከትቤያለሁ» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ተከትበናል። ነገር ግን ሀገር ቤት በእርግዝና ክትትል ጊዜ የምንወጋው ለመንጋጋ ቆልፍ፣ በኋላ ደግሞ ለመንጋጋ ቆልፍና ለዘጊ አነዳ (ዲፍቴሪያ) የሚሰጠው ነው፤ ትክትክ የለበትም። ልጆች የሚወስዱት ፔንታቫለንት የተባለው አምስት በአንድ ክትባት ትክትክን ይይዛል፤ እሱም ቢሆን አቅሙ ዕድሜ ልክ አይቆይም። ስለዚህ ካርድ አውጥተን ማየት ያለብን ትክትክ ያለበትን ክትባት መቼ እንደወሰድን ነው።

የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ስለሆነ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ። ሰው በማይለያዩት ነገሮች ሲጨነቅ፣ በሚለያዩት ላይ ደግሞ ሳይጠይቅ ሲያልፍ ስለማይ ነው ይህን የምጽፈው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሕፃኑ ለምን ይቀድማል

አዋቂ ሰው ላይ ትክትክ ቶሎ አይታወቅም። የመጀመሪያው አንድ ሁለት ሳምንት ተራ ጉንፋን ይመስላል፤ ንፍጥ፣ ቀላል ሳል፣ አንዳንዴ ትንሽ ትኩሳት። ወደ ሌላ ሰው በቀላሉ የሚተላለፈው ደግሞ ያኔ ነው። ከዚያ ሳሉ በተከታታይ እየመጣ ትንፋሽ ያሳጣል፣ ያስመልሳል፣ አንዳንዱን ጎድኑ እስኪሰበር ያስለዋል፤ ሳምንታትን አልፎ ወራት ይቆያል። ልጆች ላይ የምናውቀው፣ ከሳሉ በኋላ አየር ሲስቡ የሚሰማው የሲቃ ድምፅ አዋቂ ላይ ጨርሶ ላይኖር ይችላል። እናም አያት «ብርድ መቶኝ ነው» ብላ ሕፃኑን አቅፋ ታድራለች።

ጥቂት ሳምንት የሆነው ሕፃን ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ላያስልም ይችላል፤ ትንፋሹ ቀጥ ይልና ከንፈሩ ይጠቁራል። አሜሪካ ውስጥ ትክትክ ከያዛቸው፣ ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት ከሦስቱ አንዱ ሆስፒታል ይተኛል። እንግሊዝ ውስጥ በ2024 ብቻ 11 ሕፃናት በትክትክ ሞተዋል። አሜሪካም በዚያው ዓመት ከ35,000 በላይ ታማሚ መዝግባለች።

አሜሪካ ውስጥ ሕፃን የመጀመሪያውን የትክትክ ክትባት የሚወስደው 2 ወር ሲሞላው ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በ6 ሳምንቱ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ፣ ዘመድ ተሰብስቦ እየተቀባበለ ሲስመው፣ አሜሪካ የተወለደው ልጅ ገና አንድም የትክትክ ክትባት አልወሰደም። ሴቷ በ80 ቀኗ ስትነሣ አንዱን ወስዳ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በ4 ወሯ ነው። ያንን ክፍተት መሸፈን የሚቻለው በእናቷና አብሯት በሚኖረው ሰው ክትባት ብቻ ነው።

ቲዲ ወይስ ቲዳፕ

ዋናው ምርጫ ይህ ነው። ቲዲ ለመንጋጋ ቆልፍና ለዘጊ አነዳ ነው። ቲዳፕ ሁለቱን ይዞ ትክትክን ይጨምራል። አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂ ትክትክን ብቻ የሚከላከል ክትባት የለም፤ ሦስቱ አብረው ይመጣሉ። ዲታፕ የሚባለው ስሙ ይመሳሰላል እንጂ የሕፃናት ነው፤ ለአዋቂ አይሰጥም።

አዋቂ በየ10 ዓመቱ ማጠናከሪያ ይወስዳል፤ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካው መመሪያ ያ ማጠናከሪያ ቲዲም ቲዳፕም ሊሆን ይችላል። መመሪያው ሁለቱንም ቢፈቅድም እኔ ቲዳፕን እመርጣለሁ። መርፌው አንድ ነው፣ ሕመሙም ያው ነው፣ ቲዳፕ ግን ተጨማሪ በሽታ ይከላከላል። ደግሞም ከ2024 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የቲዲ እጥረት በመፈጠሩ የጤና ባለሥልጣናቱ ራሳቸው በተቻለ መጠን ቲዳፕ ስጡ ብለዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ምስማር ወግቷችሁ ወይም ቢላ ቆርጧችሁ ድንገተኛ ክፍል ስትሄዱ የሚሰጣችሁ ቲዲ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ እዩ። ቲዲ ከተወጋችሁ በኋላ ቤት ውስጥ ሕፃን የሚጠበቅ ከሆነ ቲዳፕ ለመውሰድ ዓመታት መጠበቅ የለባችሁም፤ በሁለቱ መካከል ይህን ያህል ጊዜ ይለፍ የሚል ገደብ የለም።

በዲቪ ወይም በቤተሰብ ቪዛ የመጣ ሰውም ይህን ይመልከት። ለቪዛ የጤና ምርመራ ስትሄዱ የተከተባችሁት ዲኤስ 3025 የተባለው የክትባት ቅጽ ላይ ተዘርዝሯል። በቅጹ ላይ በአንድ ረድፍ ቲዲም ቲዳፕም ሊመዘገብ ስለሚችል «ለቪዛ ተከትቤያለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም። የትኛው ላይ ቀን እንደሰፈረ ይታይ።

ክትባቱን ሳወድስ አቅሙን አጋንኜ እንዳይመስልብኝ ደካማ ጎኑንም ልናገር። ቲዳፕ በተወሰደ በመጀመሪያው ዓመት ከ10 ሰው 7ቱን ያህል ከትክትክ ይከላከላል፤ ከ4 ዓመት በኋላ ግን ከ10 ሰው 3 ወይም 4 ብቻ ነው። የተከተበ ሰው ትክትክ ቢይዘውም አብዛኛውን ጊዜ ይቀልለታል። ጊዜውን መምረጥ እንዲህ አስፈላጊ የሆነውም ጥበቃው ቶሎ ስለሚቀንስ ነው።

ቡስትሪክስ ወይስ አዳሴል

አሜሪካ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቲዳፕ አለ፤ ሁለቱም በ2005 የተፈቀዱ ናቸው። ቡስትሪክስን የሚሠራው ጂኤስኬ፣ አዳሴልን ደግሞ ሳኖፊ ነው። ቡስትሪክስ ከትክትክ አምጪው ባክቴሪያ የተወሰዱ 3 ፕሮቲኖች አሉት፤ አዳሴል 5 አሉት፣ ነገር ግን የአንዳንዱ መጠን ያነሰ ነው። ይህን ያነበበ ሰው «5 ከ3 ይበልጣል» ብሎ ይመጣል። እንደዚያ አይቆጠርም። የጤና ባለሥልጣናቱ በጥበቃ አንዱን ከሌላው አላስበለጡም፤ ለነፍሰ ጡርም ሁለቱም ይሰጣሉ።

ልዩነት የሚኖረው ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ነው። አዳሴል የተፈቀደው እስከ 64 ዓመት ሲሆን ቡስትሪክስ የላይኛው የዕድሜ ገደብ የለውም። ስለዚህ አያት ከሆኑ ቡስትሪክስ ይጠይቁ። ፋርማሲው ያለው አዳሴል ብቻ ከሆነ ግን ሳይወጉ አይመለሱ፤ የተወሰደው እንደ ትክክለኛ ክትባት ይቆጠራል። ለሌላው ሰው ፍሪጅ ውስጥ የተገኘው ይበቃል።

በእርግዝና፣ ከወሊድ በኋላ ወይስ ቤተሰቡ?

ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጡ ብባል ሳላመነታ የእርግዝናውን እመርጣለሁ።

እናት በእርግዝና ላይ ስትከተብ ሰውነቷ የሚያመርተው መከላከያ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ሕፃኑ ያልፋል፤ ልጁ ታጥቆ ይወለዳል። መከላከያው አቅም ለማግኘት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ በብዛት የሚያልፈውም በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። የአሜሪካው መመሪያ ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት፣ በተለይም ወደ 27ቱ ተጠግቶ፣ ይሰጥ የሚለው ለዚህ ነው። ውጤቱም ቀላል አይደለም፦ ከ2 ወር በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ትክትክን 78 በመቶ ያህል፣ በትክትክ ሆስፒታል መተኛትን ደግሞ 90 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

ከ2012 ጀምሮ መመሪያው በእያንዳንዱ እርግዝና ይደገም ይላል። «ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ልጄ ተወግቻለሁ» የምትል እናት ብዙ ናት። የባለፈው ዓመት መከላከያ ለእሷ ይጠቅማት ይሆናል፤ ለሚመጣው ልጅ ግን በበቂ መጠን አያልፍም።

ከወሊድ በኋላ መከተብ ሁለተኛ አማራጭ ነው። በእንግዴ ልጅ በኩል የሚያልፈው ቀርቷል፤ የሚጠቅመው እናቲቱ ታማ ልጁን እንዳትይዘው ነው፣ እሱም ሁለት ሳምንት ቆይቶ። በዕድሜዋ አንድም ቀን ቲዳፕ ያልወሰደች እናት ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ትወጋ። ጡት ለማጥባት ምንም ችግር የለውም። ከዚህ በፊት የወሰደች ከሆነ ግን ከወሊድ በኋላ እንደገና እንድትወስድ መመሪያው አይጠይቃትም።

ቤተሰቡን መከተብ ሦስተኛው ነው። ባል፣ አያት፣ አክስት፣ ሞግዚት ሁሉ። ጥሩ ነው፣ አድርጉት። ብቻውን ግን አይበቃም፤ የተከተበ ሰው ራሱ ሳይታመም ባክቴሪያውን ሊያስተላልፍ ይችላል፣ ሁሉንም አሟልቶ ማስከተብም ይከብዳል። እናት በጊዜዋ ካልተከተበች አሥር ዘመድ ቢከተብ የእሷን አይተካም። ባልና ዘመድ ለእያንዳንዱ ልጅ መድገም አይጠበቅባቸውም፤ ቲዳፕ ወስደው 10 ዓመት ካልሞላቸው ይበቃቸዋል።

ከሀገር ቤት ለምትመጣ እናት

ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፈው በብዛት የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ ነው። እናቶቻችን በርበሬና ሽሮ ይዘው፣ ገንፎ ሊያገነፉ፣ ልጅ ሊያሳድጉ ይመጣሉ። ሕፃኑን ከእናቱ ቀጥሎ በብዛት የሚይዙት እነሱ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ መደበኛው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1980 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደች አያት በልጅነቷ የትክትክ ክትባት አላገኘችም ማለት ይቻላል።

በቅርቡ አንዲት ነፍሰ ጡር ከአዲስ አበባ ከመጡ ሳምንት ያልሞላቸው እናቷን ይዛ መጣች። እናትየው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ እኔ በልጅነቴ ትክትክ ይዞኝ ድኛለሁ። አንዴ የያዘው ደግሞ አይዘውም» አሉኝ።

«እማማ፣ ዓመታት ካለፉ እንደገና ይይዛል» አልኳቸው። «እርስዎ ላይ ሳል ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ለጨቅላው ግን አደገኛ ነው።»

ዝም ብለው የልጃቸውን ሆድ አዩና እጅጌያቸውን መጠቅለል ጀመሩ። «ለልጁ ከሆነማ ሁለቱንም ክንዴን ውጊኝ።»

እሳቸው ያሉት ትክክል ያልሆነው በአንድ ነገር ነው፦ የታመመም ሰው የሚያገኘው መከላከያ ከጥቂት ዓመታት ወይም ከአሥር ሃያ ዓመት በኋላ ያልቃል። ስለዚህ ትክትክ ይዞት የሚያውቅም ሰው ይከተባል።

ሀገር ቤት ተከትበው ይምጡ ወይስ እዚህ? በኢትዮጵያ መደበኛ ፕሮግራም ለአዋቂ የሚሰጠው ትክትክ የሌለበት ነው። አንድ የግል ክሊኒክ «የትክትክ አለን» ካለ ከመክፈላችሁ በፊት የካርቶኑን ስም ፎቶ አስነሥታችሁ እዩ፤ ቡስትሪክስ ወይም አዳሴል መሆን አለበት። ካልሆነ እዚህ ሲደርሱ ይወጉ። ትኬት ስትቆርጡ ልጁ ይወለዳል ከተባለበት ቀን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም የሚል ቀን ምረጡ፤ እናት በመጡ ማግስት ቢወጉና ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ቢወለድ መከላከያው ደርሷል ማለት ነው። ልጁ ቀድሞ ከተወለደም ይወጉ፤ እስኪደርስ ድረስ የልጁን ፊት አለመሳምና ሳል ካለ ማስክ ማድረግ ይረዳል።

በልጅነቱ ያልተከተበ ወይም ማስረጃ የሌለው አዋቂ በአሜሪካው መመሪያ 3 ጊዜ ይወጋል። የመጀመሪያው ቲዳፕ፣ ሁለተኛው ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ከ6 እስከ 12 ወር ቆይቶ፤ ሁለቱ ቲዲም ቲዳፕም ሊሆኑ ይችላሉ። ለሦስት ወር የመጡ እናት ሦስቱን መጨረስ ባይችሉም ለሕፃኑ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ቲዳፕ ነው። በወሊድ ጊዜ የወሰዱት የመንጋጋ ቆልፍ ካርድ ካላቸው ይዘውት ይምጡ፤ የቀረውን ሐኪም ይቆጥርላቸዋል።

የት ይወጋል፣ ማን ይከፍላል

ፋርማሲ ፈጣኑ ነው። ያለ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ይሰጣል፣ ቅዳሜና እሑድም አለ፣ የግል ኢንሹራንስ ያለው ሰው በአብዛኛው ምንም አይከፍልም። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬይድም ለአዋቂ ያለ ክፍያ ይሸፍናል። ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ላይ ያሉ ግን ይጠንቀቁ፦ ቲዳፕ የሚሸፈነው የመድኃኒት ሽፋን በሆነው ፓርት ዲ ነው፤ ከ2023 ጀምሮ በፓርት ዲ ያለ ክፍያ ነው። የሐኪም ቢሮ የሐኪም ቤት ሽፋን በሆነው በፓርት ቢ ካስከፈለ ጥያቄው ውድቅ ሆኖ ቢል ሊመጣ ይችላል። ለእነሱ ፋርማሲ ይሻላል።

ለነፍሰ ጡር የምመክረው የክትትል ክሊኒኳን ነው፤ ሳምንቱን የሚቆጥሩላት እነሱ ናቸው። ክሊኒኩ ክትባቱ ከሌለው ግን ወደ ሌላ ቀጠሮ ከምትገፋ በዚያው ቀን ፋርማሲ ትሂድ።

በጉብኝት ቪዛ የመጣ ሰው ኢንሹራንስ የለውም፤ የጉዞ ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ ክትባት አይከፍልም። መጀመሪያ የካውንቲውን ጤና ቢሮ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ቀጥሎ እንደ ገቢ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችን። ፋርማሲ በጥሬ ገንዘብ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ዋጋው ከፋርማሲ ፋርማሲ ስለሚለያይ ሁለት ሦስት ቦታ ደውላችሁ አወዳድሩ። የትም ብትወጉ የክትባቱ ስምና ቀን ያለበት ወረቀት ተቀበሉ። እናታችሁ ሲመለሱ ይዘውት ይሂዱ፤ ለሚቀጥለው የልጅ ልጅ ያስፈልጋል።

አሜሪካ ላልሆናችሁ

እንግሊዝ ውስጥ ነፍሰ ጡር ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በነፃ ትወጋለች፤ ብዙዎቹ በ20ኛው ሳምንት የአልትራሳውንድ ቀጠሮ አካባቢ ይወስዱታል። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የሚሰጠው አዳሴል ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፖሊዮም ነበረባቸው። የመንግሥቱ ጤና አገልግሎት ለአያትና ለአባት ግን በመደበኛነት አይሰጥም፤ የፈለገ በግል ክሊኒክ ከፍሎ ነው።

ጀርመን ለቤተሰቡ የተሻለ ታስባለች። አዋቂ ሁሉ የሚቀጥለውን የ10 ዓመት ማጠናከሪያ አንድ ጊዜ ትክትክ ያለበትን እንዲወስድ፣ ሕፃን የሚይዙ ዘመዶችና ሞግዚቶች ደግሞ በ10 ዓመት ውስጥ ካልወሰዱ ልጁ ከመወለዱ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት እንዲወጉ ትመክራለች። ነፍሰ ጡር በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት መጀመሪያ ትወጋለች። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በቲፓት ሐላቭ (የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ) ወይም በኩፓት ሖሊም (የጤና መድን ድርጅታችሁ) ጠይቁ።

ሕመሙና መወጋት የሌለበት ሰው

ክንድ ያማል፣ ያብጣል፣ ይቀላል፤ ድካም፣ ራስ ምታት፣ አንዳንዴ ትኩሳት ይኖራል። በጥቂት ቀን ይለቃል። ክትባቱ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ስለሌለበት ትክትክ አያሲዝም። ከጉንፋን ክትባት ጋር በአንድ ቀን መውሰድ ይቻላል። ቀደም ሲል በእነዚህ ክትባቶች ከባድ አለርጂ የያዘው ሰው አይወጋም፤ የትክትክ ክትባት በወሰደ በ7 ቀን ውስጥ ራሱን ስቶ ወይም ረጅም የሚጥል በሽታ ይዞት የነበረም እንዲሁ። ጊላን ባሬ የተባለ የነርቭ ሕመም የነበረበት ደግሞ አስቀድሞ ከሐኪም ጋር ይነጋገር።

ሳሉ ቤት ከገባ

ቤት ውስጥ ትክትክ ያለበት ሰው ከተገኘ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው አንቲባዮቲክ ነው፤ ክትባቱ እስኪሠራ አይደርስም። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አዚትሮማይሲን ለ5 ቀን ነው፤ ለታማሚው ብቻ ሳይሆን፣ ያልታመሙ ቢሆኑም፣ ለቤቱ ሰዎችም ይሰጣል። በተለይ ለሕፃኑ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላለች ነፍሰ ጡርና ሕፃን ለሚይዝ ሰው። ታማሚው መድኃኒቱን 5 ቀን እስኪወስድ ድረስ ከሕፃኑ ይለይ። ማርና ዝንጅብል የአዋቂን ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ባክቴሪያውን ግን አይገድልም፤ ዓመት ላልሞላው ልጅ ደግሞ ማር ጨርሶ አይሰጥም።

ምርመራው ከአፍንጫ ጀርባ በቀጭን ጥጥ የሚወሰድ ናሙና ነው፤ ሳሉ ከጀመረ በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ሲሠራ ይሻላል። ሐኪም ቤት ስትደውሉ ሳሉን ብቻ ከነገራችሁ ቀጠሮው ሊርቅ ይችላል። «ቤት ውስጥ አራስ ልጅ አለ፣ ትክትክ እንዳይሆን ፈርተናል» በሉ። ሕፃኑ ትንፋሹ ካቆመ ወይም ከጠቆረ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ 911 ደውሉ።